በ0.107 ዶላር ላይ የቆመው ዋጋ፦ የቬነስ ፕሮቶኮልና የሉና ኦራክል ጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2022 ቢኤንቢ ቼይን በተባለው ብሎክቼን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የግብይት መዝገብ) ላይ ባለ አንድ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም በመዝገቡ ላይ ተቀምጦ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ቁጥር ባለበት ቆሞ ቀረ። ቁጥሩ 0.107 ዶላር ሲሆን፣ ሉና የተባለው ዲጂታል ገንዘብ (ቶከን) ዋጋ ይህ ነው ተብሎ የሰፈረ ነበር። ከብሎክቼኑ ውጭ ባሉ መገበያያዎች ግን ሉና ከዚያ እጅግ ወርዶ በ0.01 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ይህን ልዩነት ያስተዋሉ የሁለት አድራሻዎች ባለቤቶች ቬነስ ወደተባለው የብድር ፕሮቶኮል 230 ሚሊዮን ሉና በመያዣነት አስገቡ፤ በመዝገቡ ላይ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ስለተሰጣቸውም 13.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሌሎች ንብረቶችን ተበድረው ወጡ። ፕሮቶኮሉ ከቆመ በኋላ ሒሳቡ ሲሠራ፣ በመያዣውና በብድሩ መካከል የተገኘው ጉድለት 11.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

ስለ ኦራክሎች፣ ማለትም የውጭውን ዓለም መረጃ ወደ ብሎክቼን ስለሚያስገቡ አካላት፣ ውድቀት ብዙ ተጽፏል። ይህኛውን ከሌሎቹ የለየሁት በውስጡ ሌባም ውሸታምም ስለማይገኝበት ነው። የማንም የግል ቁልፍ አልተሰረቀም፤ የቬነስን ኮድ የሰበረ የለም፤ የተሳሳተ ዋጋ የላከ የኦራክል ኖድም (ዋጋ የሚልክ ኮምፒውተርም) አልነበረም። እያንዳንዱ ክፍል በተጻፈለት ደንብ መሠረት እየሠራ ሳለ ገንዘቡ ወጣ። ያልተማከለ ኦራክል ታማኝ መረጃ ወደ ብሎክቼን ያመጣል ስንል «ታማኝ» የሚለው ቃል እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ለመረዳት፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ የለም።

ኮንትራቱ ለምን ራሱ አያይም?

ስማርት ኮንትራት ድረ ገጽ ከፍቶ ዋጋ ማንበብ አይችልም። ይህን ያስገደደው የብሎክቼን መሠረታዊ አሠራር ነው። ኔትወርኩን የሚያረጋግጡ ኮምፒውተሮች ሁሉ እያንዳንዱን ግብይት ለየራሳቸው አስልተው አንድ ዓይነት ውጤት ላይ መድረስ አለባቸው፤ ከዓመት በኋላ ኔትወርኩን የሚቀላቀል ኮምፒውተርም የድሮውን ግብይት እንደገና ሲያሰላው ያንኑ ውጤት ማግኘት ይኖርበታል። ኮንትራቱ በቀጥታ የውጭ ድረ ገጽ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ኮምፒውተር ያገኘው ዋጋ ሌላው ከሦስት ሰከንድ በኋላ ካገኘው ሊለይ ይችላል፤ በዓመቱ የሚጠይቀው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ በዚያው ቅጽበትም የጋራ ስምምነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ የውጭው ዓለም መረጃ ወደ ብሎክቼን የሚገባው ከውጭ ያለ አካል በፊርማው በተረጋገጠ ግብይት ጽፎ ሲያስገባው ብቻ ነው። ኦራክል የምንለው ይህንን ጽፎ የሚያስገባ አካል ነው።

ጥያቄው ይህ አካል አንድ ብቻ ሲሆን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው በጁን 25 ቀን 2019 የሌሎች ንብረቶችን ዋጋ የሚከተሉ ቶከኖች በሚገበያዩበት በሲንተቲክስ ፕሮጀክት ላይ የደረሰው ነው። ሲንተቲክስ በወቅቱ የራሱን ኦራክል ራሱ ያስኬድ ነበር፤ በዚያ ቀን የደቡብ ኮሪያን ዎን ዋጋ ከሚልኩለት የመረጃ አቅራቢዎች አንዱ ዋጋውን 1000 እጥፍ አድርጎ ላከ። የዋጋ ስህተት የሚጠባበቅ አንድ የንግድ ቦት (በራሱ የሚገበያይ ፕሮግራም) ወዲያው ገብቶ እየገዛና እየሸጠ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በመዝገብ ላይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስመዘገበ። የቦቱ ባለቤት የጉድለት ጠቋሚ ሽልማት ተቀብሎ ግብይቶቹን ለመመለስ በመስማማቱ ፕሮጀክቱ ተረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲንተቲክስ የውጭ ምንዛሪ ዋጋዎቹን ወደ ቼይንሊንክ አዛወረ።

ቼይንሊንክ ስቲቭ ኤሊስ፣ አሪ ጁልስና ሰርጌ ናዛሮቭ በሴፕቴምበር 2017 ባወጡት የንድፍ ሰነድ የተጀመረ፣ በሜይ 2019 በኢቴሪየም ላይ ሥራ የጀመረ ያልተማከለ የኦራክል ኔትወርክ ነው። አሠራሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቬነስ ጉዳይ የሚፈታው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው።

አንድ የዋጋ ፊድ፣ ማለትም በብሎክቼን ላይ በየጊዜው የሚታደስ የአንድ ንብረት ዋጋ፣ የሚዘጋጀው በሦስት ደረጃ በተጣራ መረጃ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የመረጃ አቅራቢ ድርጅቶች ከበርካታ መገበያያዎች የተገኘውን ዋጋ ከንግዱ መጠን ጋር አመዛዝነው አንድ ዋጋ ያወጣሉ፤ ስለዚህ በአንድ ትንሽ መገበያያ ላይ የተፈጠረ ግርግር ብቻውን ውጤቱን አያዛባም። በሁለተኛው ደረጃ፣ እያንዳንዱ ኖድ ከበርካታ አቅራቢዎች የሰበሰባቸውን ዋጋዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን ይወስዳል። በሦስተኛው ደረጃ፣ የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ኖዶች ያገኟቸውን ቁጥሮች እርስ በርስ ተለዋውጠው፣ በየፊርማቸው አረጋግጠው፣ እንደገና የመሃሉን ቁጥር ወደ ብሎክቼን ያስገባሉ። ከ2021 ጀምሮ ይህ ልውውጥ ከብሎክቼን ውጭ እየተካሄደ በአንድ የጋራ ሪፖርት ስለሚገባ፣ እያንዳንዱ ኖድ የየራሱን የግብይት ክፍያ መክፈል አላስፈለገውም። የመሃል ቁጥር መወሰዱ ከተራ አማካይ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከኖዶቹ አንዱ ዋጋውን 1000 እጥፍ አድርጎ ቢልክ አማካዩን ይጎትተዋል፣ የመሃሉን ቁጥር ግን ከጎረቤቱ ቁጥር አያርቀውም።

ዋጋው በየሰከንዱ አይጻፍም። ፊዱ የሚታደሰው ወይ ዋጋው ከመጨረሻው ምዝገባ በተወሰነ መቶኛ ሲርቅ፣ ወይ ዋጋው ባይንቀሳቀስም እንኳ የተወሰነለት የጊዜ ገደብ ሲሞላ ነው። በተጨማሪም በ2022 ሪፖርቱን በሚቀበለው ኮንትራት ውስጥ ሁለት ወሰኖች ተጽፈው ነበር፤ አንዱ የዋጋው የታችኛው ወሰን፣ ሌላው የላይኛው። ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሪፖርት ቢመጣ ኮንትራቱ አይቀበለውም ነበር፤ ቀድሞ የተመዘገበው ዋጋ ባለበት ይቆይ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ደንብ የማይረባ ጌጥ እንዳልነበረ ማስተዋል ይገባል። በሲንተቲክስ ላይ የደረሰው ዓይነት በብዙ እጥፍ የተባዛ ሐሰተኛ ዋጋ፣ ወይም በስህተት ዜሮ ሆኖ የተላከ ቁጥር፣ የሰዎችን መያዣ በደቂቃ ውስጥ ሊያስሸጥ ይችላል። ወሰኑ የተተከለው እንዲህ ያለውን ቁጥር በር ላይ ለማስቀረት ነው። ማንም ያላሰበው፣ አንድ ቀን ያው በር እውነተኛውን ዋጋ ደጅ አስቀርቶ እንደሚዘጋ ነው።

ሉና በወረደበት ሳምንት

ሉና የቴራ ብሎክቼን ቶከን ነበር፤ ዋጋው ከአንድ ዶላር ጋር እኩል እንዲሆን ከታቀደው ዩኤስቲ ጋርም የተጣመረ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ዩኤስቲ የሚያቃጥል (ለዘለቄታው ከገበያ የሚያስወግድ) ሰው የአንድ ዶላር ዋጋ ያለው ሉና አዲስ ይታተምለታል። ዩኤስቲ ከሜይ 7 ቀን ጀምሮ ከአንድ ዶላር በታች ሲንሸራተት ሰዎች ለመውጣት ተጣደፉ፤ ሉና በወረደ ቁጥር ለአንድ ዩኤስቲ የሚታተመው የሉና ብዛት ጨመረ፤ ብዛቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በሜይ የመጀመሪያ ቀናት ከ80 ዶላር በላይ የነበረው ቶከን በሜይ 12 ከአንድ ዶላር አንድ አሥረኛ በታች ሆነ። 350 ሚሊዮን ያህል የነበረው ብዛቱም በቀናት ውስጥ ከ6 ትሪሊዮን አለፈ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ለቬነስ ጉዳይ ወሳኙ የብዛቱ ማሻቀብ ይመስለኛል፤ ብዙዎች ግን ዋጋውን ብቻ አይተው ያልፉታል። ከሳምንት በፊት 230 ሚሊዮን ሉና መግዛት ማለት በገበያው ካለው ሉና ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ያህል መግዛት፣ ለዚያውም ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማውጣት ነበር። በሜይ 12 ግን ያው መጠን በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር። ማንም የማይደፍረው የነበረ ክምችት በአንድ ሰው አቅም ሥር ወደቀ።

ቁጥሩ የቆመበት ቅጽበት

በወቅቱ በሰፊው እንደተዘገበው፣ ቬነስ ያነብበው የነበረው የቼይንሊንክ የሉና ፊድ የታችኛው ወሰን 0.10 ዶላር ነበር። የገበያው ዋጋ ከወሰኑ በታች ሲወርድ የመጨረሻው የተመዘገበ ቁጥር፣ ማለትም 0.107፣ ባለበት ቀረ። ቬነስ በሰጠው መግለጫ ፊዱ በገበያው ከመጠን ያለፈ ሁኔታ ምክንያት መቆሙን ገልጿል። በየትኛውም አገላለጽ ቢነገር፣ ለቬነስ ኮንትራት የታየው አንድ ነገር ነው፤ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል፣ መልሱም 0.107 ነው።

እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። አንድ ኮንትራት የቼይንሊንክን ፊድ «የመጨረሻው ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለስለት አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ አምስት ናቸው። የዙሩ (የአንዱ የዋጋ እድሳት) መለያ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ዙሩ የተጀመረበት ጊዜ፣ ዋጋው የታደሰበት ጊዜ፣ እንዲሁም መልሱ የተሰጠበት ዙር። ጠያቂው ዋጋውን ብቻ ወስዶ ሌሎቹን አራቱን ቢተዋቸው የሚያስገድደው የለም፤ ኮዱ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይሠራል። አራተኛውን ያነበበ ግን ዋጋው መቼ እንደተጻፈ ያውቃል፤ በዚያ ሳምንት ሉና በየደቂቃው እየተናጠ ሳለ ሳይታደስ የቆየ ዋጋ፣ ስለ ቁጥሩ ምንም ባይናገር እንኳ ስለ ፊዱ ጤንነት ብዙ ይናገራል። የቬነስ ፕሮቶኮል ግን የዋጋውን መቆም አይቶ በሉና ላይ የሚሰጠውን ብድር ራሱ አላቆመም፤ ፕሮቶኮሉ የቆመው ሰዎች ደርሰው ሲያስቆሙት ነው።

ሒሳቡን በትንሽ መጠን እንየው። አንድ ሰው በገበያ ላይ 1 ሚሊዮን ሉና በ0.01 ዶላር ሒሳብ በ10,000 ዶላር ይገዛል። ያን ሉና ወደ ቬነስ ሲያስገባ በ0.107 ተባዝቶ የ107,000 ዶላር መያዣ ተብሎ ይመዘገብለታል። ሁለቱ አድራሻዎች የወሰዱት ብድር ከተመዘገበላቸው መያዣ 55 በመቶ ገደማ ነበር፤ በዚሁ ስሌት ይህ ሰው 58,850 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ብድሩን መመለስ አያስፈልገውም፤ ትቶት የሚሄደው መያዣ የ10,000 ዶላር ብቻ ነው። ይህንኑ በ230 ስናባዛው ከጉዳዩ ቁጥሮች ጋር ይገጥማል፦ 24.6 ሚሊዮን የተገመተ መያዣ፣ 13.5 ሚሊዮን ብድር፣ 2.3 ሚሊዮን እውነተኛ ዋጋ፣ 11.2 ሚሊዮን ጉድለት።

በብድር ፕሮቶኮሎች ውስጥ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመከላከል የተሠራው መሣሪያ መያዣውን ማስሸጥ ነው። የመያዣው ዋጋ ወርዶ ከብድሩ ጋር ሲቀራረብ ማንኛውም ሰው ብድሩን በተበዳሪው ፈንታ ከፍሎ መያዣውን በቅናሽ ይወስዳል። በዚህ ጉዳይ ግን መሣሪያው ሁለት ጊዜ ከንቱ ሆነ። ዋጋው በ0.107 ላይ ቆሞ ሳለ ብድሮቹ በመዝገቡ ላይ ጤናማ ስለነበሩ ማስሸጥ አይቻልም ነበር፤ እውነተኛው ዋጋ ተመልሶ ቢገባ ኖሮ ደግሞ 58,850 ዶላር ከፍሎ የ10,000 ዶላር ሉና የሚረከብ ሰው አይገኝም። ኪሳራው የሚያርፈው እንግዲህ ገንዘባቸውን ለብድር ባስቀመጡ ሌሎች ተጠቃሚዎች የጋራ ገንዳ ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሉናን ፈጽሞ ነክተው የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ይህ ክፍል ነው።

በአቫላንሽ ብሎክቼን ላይ የነበረው ብሊዝ ፋይናንስም በዚያው ጊዜ በዚያው መንገድ ተመታ። የፕሮቶኮሉ ቡድን ማስቆም ከመቻሉ በፊት ገንዳው ተራቆተ፤ ጉዳቱም ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበረ ተዘግቧል። በሁለት የተለያዩ ብሎክቼኖች ላይ ያሉ ሁለት ፕሮቶኮሎች በአንድ ዓይነት መንገድ መውደቃቸው፣ ችግሩ የአንድ ቡድን መዘናጋት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

ኃላፊነቱ የት ላይ ነው?

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በኦራክሉ ላይ ይጥላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሙሉ በሙሉ በቬነስ ላይ። እኔ የበዛውን ድርሻ ለአበዳሪው ፕሮቶኮል እሰጣለሁ። ኦራክሉ የሚመልሰው «መረጃ አቅራቢዎች ስለ ዋጋው ምን ይላሉ?» ለሚለው ጥያቄ ነው፤ «በዚህ ንብረት ላይ ዛሬ ማበደር ይገባል ወይ?» የሚለውን አልተጠየቀም፣ ሊመልሰውም አይችልም። በቀናት ውስጥ ዋጋው ከ99 በመቶ በላይ የወረደን ቶከን በመያዣነት መቀበልን መቀጠል የአበዳሪው ውሳኔ ነው፤ ዝም ማለትም ውሳኔ ነው። ቬነስ ከዚያ በፊት በሜይ 2021 በራሱ ቶከን፣ በኤክስቪኤስ፣ ዋጋ ድንገተኛ መውጣትና መውረድ ምክንያት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የማይመለስ ዕዳ ደርሶበት ነበር። በዚያን ጊዜ የተነበበው ዋጋ የገበያው ዋጋ ነበር፤ አደገኛ የነበረው በቀላሉ በሚናወጥ ቶከን ላይ ያን ያህል ማበደር ነው። የመያዣን ጥራት ከዋጋው ለይቶ የመመርመር አስፈላጊነት ከአንድ ዓመት በፊት በግልጽ ታይቷል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን የኦራክሉን ንድፍ ነጻ ያወጣል ማለት አይደለም። ወሰኑ ሲነካ ፊዱ ለጠያቂው ይሰጠው የነበረው መልስ ከጤናማ ጊዜ መልሱ በመልክ አይለይም ነበር። ወሰኑ ላይ የደረሰ ፊድ ጥያቄውን ውድቅ ቢያደርግ ወይም በግልጽ ምልክት ቢያስጠነቅቅ ኖሮ፣ ጊዜውን የማያጣራው ጠያቂ እንኳ ይቆም ነበር። የመረጃ አቅራቢ ከሁሉ በላይ ሊፈራው የሚገባው አለማወቅን እንደ ማወቅ አድርጎ ማቅረብን ነው፤ በእኔ አስተያየት በ0.107 ላይ የቆመው ቁጥር ያደረገው ይህንኑ ነው። ወሰኖቹ በሰነድ ላይ የተገለጹና ማንም በኮንትራቱ ውስጥ ሊያነባቸው የሚችሉ መሆናቸው በወቅቱ የነበረውን ጥፋቱን ያቀልለዋል እንጂ አያስቀረውም።

ያልተማከለ መሆን ራሱ እዚህ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ኖድ፣ ብዙ አቅራቢ፣ የመሃል ቁጥር፣ ፊርማ፤ እነዚህ ሁሉ የሚመልሱት «ከመካከላችን አንዱ ቢዋሽ ወይም ቢሳሳትስ?» የሚለውን ሥጋት ነው። ለዚህ ሥጋት መልሱ ጠንካራ ነው፤ በሉና ሳምንትም ጸንቷል። ነገር ግን ኖዶቹ ሁሉ በአንድ ኮንትራት ወሰን ሥር ይጽፉ ስለነበር፣ ወሰኑ የጋራቸው ነበር። አንድ ሺህ ኖድ ቢጨመርም ውጤቱ ያው 0.107 ይሆን ነበር። የተማከለው ነጥብ ከመረጃው ምንጭ ተነሥቶ ወደ ኮንትራቱ ደንብ ተዛውሮ ነበር፤ የኖዶችን ቁጥር ብቻ እየቆጠረ ደኅንነትን የሚለካ ገንቢ ይህን ነጥብ አያየውም።

ከጉዳዩ በኋላ የተደረገው

የዋጋን ዕድሜ ማጣራት ዛሬ በብድር ፕሮቶኮሎች ምርመራ ውስጥ ቀድሞ የሚታይ ነገር ሆኗል፤ መርማሪዎች አራተኛውን ቁጥር ያላነበበ ኮድ ሲያገኙ በጉድለትነት ይመዘግቡታል። ወሰኖቹን በራሱ ኮንትራት ውስጥ የሚያነጻጽር ገንቢም አሁን እንደ ቀድሞው ብርቅ አይደለም።

ቬነስ በ2023 የገነባው አዲስ የዋጋ ሥርዓት ከዚህ አልፎ ሄዷል። ለአንድ ንብረት እስከ ሦስት የሚደርሱ ኦራክሎች ይመደባሉ፤ ዋና፣ ማነጻጸሪያና ተጠባባቂ፤ እነዚህም ቼይንሊንክን ጨምሮ ከተለያዩ የኦራክል ኔትወርኮች የሚመረጡ ናቸው። የእያንዳንዱ ዋጋ ከተፈቀደለት ዕድሜ በላይ ከቆየ ተቀባይነት የለውም። የዋናው ዋጋ ከማነጻጸሪያው ጋር ያለው ምጥጥን በተወሰነ ክልል ውስጥ ካረፈ የዋናው ዋጋ ይወሰዳል፤ ካላረፈ ተጠባባቂው ይጠራና ከሁለቱ ጋር ይነጻጸራል። በሜይ 12 ቀን 2022 ይህ ሥርዓት ኖሮ ቢሆን፣ ዋናው 0.107 ሌላው 0.01 ሲል ልዩነቱ ወዲያው ይታይ ነበር።

ሦስቱም ሳይስማሙ ሲቀሩ ኮንትራቱ ዋጋውን ልክ ያልሆነ ብሎ ግብይቱን ውድቅ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ በንብረቱ ላይ አዲስ ብድር አይወጣም፤ በዚያው መጠን ግን ዋጋው በእርግጥ እየወረደ ያለን መያዣ ማስሸጥም አይቻልም፤ በእያንዳንዷ ያለፈች ደቂቃ ጉድለቱ ሊሰፋ ይችላል። የቬነስ ገንቢዎች ይህን ዋጋ ለመክፈል መርጠዋል፤ ከቆመ ቁጥር ላይ ከማበደር ይልቅ ጨርሶ መቆም ይሻላል ብለው። በ2022ቱ ቀን የወጣውን 13.5 ሚሊዮን ዶላር ለተመለከተ ሰው ምርጫው ትክክል ነው፤ ክልሉ ምን ያህል ሰፊ፣ የዋጋው ዕድሜስ ምን ያህል አጭር መሆን እንዳለበት ግን በየንብረቱ እየታየ የሚወሰን ነው፤ ያንንም የሚወስኑት አሁንም ሰዎች ናቸው።